ሜን ኩን እና ኮናኙ

«ድመት ምን ይረባል?» አለ። ሰማችሁልኝ አይደል? ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻው ገና ሳያልቅ፣ ሰው በተሰበሰበበት! እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ስምህ አያ ምን ሊረባ ነው። እኔ አላወጣሁልህም፤ አፍህ ነው ክርስትና ያነሣህ።

«ደግሞስ ይኼ ድመት ነው ጥጃ?» ብሎ ጨመረ። ጥጃ ቢሆንማ ቢላህን ስለህ ነበር የምትመጣው! ድመት ነው። ስሙ ጎፈር፣ ዘሩ ሜን ኩን። እንዲህ ብለው «ምን ሁን?» አለኝ። ምንም አትሁን! ቁጭ ብለህ ስማ ብቻ። እሱ ኩን፣ አንተ ኮናኝ። እሱ ሜን፣ አንተ ምን። በፊደል የምትለያዩት በአንዲት ጭረት ነው፤ በጠባይ ግን አትደራረሱም።

«የፈረንጅ ቅብጠት ነው።» ቅብጠት? ሜን እኮ የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ዳር ናት። እዚያ የሚቀብጥ ድመት አንድ ክረምት አይከርምም። ጎፈር የለበሰው ካፖርት የተሰፋው በበረዶ ነው። ትከሻው ላይ ያጥራል፣ ሆዱና ጭኑ ላይ ይረዝማል፣ ውኃ ቶሎ አያሳልፍም። በጣቶቹ መሀል ሳይቀር ፀጉር አለው፤ በረዶ ሲረግጥ እንዳይሰጥም። ሲተኛ ደግሞ ያን ወፍራም ጅራት ፊቱ ላይ ይጠቀልለዋል። የተሟላ ልብስ! አንተ በኅዳር ነፋስ በሸሚዝ ወጥተህ እስከ ገና ስትስል የከረምከው፣ ስለ ቅብጠት ልታስተምረው ነው?

«ራኩን ከሚባለው አውሬ የተዳቀለ ነው ይባላል።» ይባላል! አያ ምን ሊረባ ማስረጃ ሲያጣ «ይባላል» ይላል። ድመትና ራኩን አይዋለዱም፤ በተፈጥሮ የማይሆን ነገር ነው። ጅራቱ ወፍራም፣ መልኩ ዥንጉርጉር ሲሆንባቸው የድሮ ሰዎች ያወሩት ተረት ነው። አንተ ደግሞ ጭራውን አይተህ ጭራሽ አባት ትቀይርለታለህ! ከወደድክ ሌላም ተረት አለልህ። የፈረንሳይዋ ንግሥት ማሪ አንቷኔት ድመቶቿን በመርከብ ወደ ሜን አስቀድማ ልካ፣ እሷ ግን ሳትደርስ ቀረች ይላል። ያምራል፣ ያሳዝናል፣ ማስረጃ የለውም። ውኃ የሚያነሳው ወሬ ቀለል ያለ ነው፦ ባለ ረዥም ፀጉር ድመቶች በመርከብ መጡ፣ ከአገሬው ድመት ጋር ተዋለዱ፣ ቀሪውን ብርዱ መረጠ። ንግሥት የለችበትም። ቅር አለህ አይደል? አንተማ የመጣኸው ድመት ልታይ ሳይሆን አማች ልታጠና ነው!

«እሺ፣ የድመት ሥራ አይጥ መያዝ ነው!» በል እንዲያ በል፣ አሁን ወደ ሥራ መጣህ። ጎፈር የእርሻ ቤት አዳኝ ዘር ነው። ለመሆኑ ቤቴ ውስጥ አይጥ አይተህ ታውቃለህ? «አላየሁም፤ እንግዲያ ሥራ ፈት ነው» አይለኝም! ስሙልኝ እንጂ! ሌባ ስለጠፋ ዘበኛውን የሚያባርር ሰው ይኸውላችሁ። አይጥ ሞቷን ስትሻ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ሲባል የሰፈሬ አይጦች ሰምተው ርቀዋል። ያልሰማኸው አንተ ነህ። ባለፈው መጥቶ የጎፈርን አፍንጫ በጣቱ ሲነካካ የነበረው ማን ሆነና!

«ለመሆኑ ማን ያውቀዋል?» ዓመቶቹን በፈረንጅ ልቁጠርልህ፣ አንተ ጣትህን አዘጋጅ። በ1895፣ በወርኃ ግንቦት፣ ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ትልቅ የድመት ትርዒት ተደረገ። ከሁሉ በልጣ የብር አንገትጌ የተሸለመችው ኮዚ የምትባል ሜን ኩን ናት። የዓድዋ ክተት ገና አልታወጀም ነበር! ከዚያ ፐርሺያን የሚባሉት ድመቶች መጡና የሰው ዓይን ወደነሱ ዞረ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጭራሽ «ሜን ኩን ጠፍቷል» ተብሎ ተወራ። የት ይጠፋል? የሜን ገበሬዎች ጓሮ ተኝቷል። ካት ፋንሲየርስ አሶሲዬሽን የተባለው የአሜሪካ ድመት መዝጋቢ ማኅበር በ1976 ለሻምፒዮና ተቀበለው። በ1985 ደግሞ ሜን «የግዛቴ ድመት» ብላ ደነገገችለት። በሕግ! አንተ ለዕድር ጸሐፊነት ተወዳድረህ፣ ብቻህን ተወዳድረህ፣ ወድቀሃል።

«የአገርህ ድመት አቢሲኒያን እያለልህ!» ኧረ? ስሟስ የአገሬ ነው። በ1868 እንግሊዞች ከመቅደላ ዘመቻ ሲመለሱ ዙላ የምትባል ድመት ይዘው ገቡ ተባለ፤ ስሙም በዚያው ቀረ። የጂን ጥናቱ ግን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው የሚጠቁመው። ቆንጆ ናት፣ ፈጣን ናት፣ ምንም አልላትም። አንተን ግን እላለሁ። ከመቅደላ የሄደው ታቦትና ብራና ተመልሶ ሳያልቅ፣ አንተ ድመት ታስመልሳለህ!

«ከልክ በላይ አወፈርከው።» ውፍረት አይደለም፣ አጥንት ነው። የሜን ኩን ወንድ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ይመዝናል፤ ሴቷ ከ4 እስከ 5 ተኩል። ሌላው ድመት በዓመቱ ሲጎለምስ እሱ አይቸኩልም፤ ዕድገቱን የሚጨርሰው ከ3 እስከ 5 ዓመት ቆይቶ ነው። ጣልያን አገር ባሪቬል የተባለው በ2018 ሲለካ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ 120 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከሱ በፊት አሜሪካዊው ስቲዊ በ2010 ሲለካ 123 ነበር። ሜን ኩን ይኼን ሁሉ አካል ተሸክሞ ድምፁ ቀጭን ነው፤ ጭርር እያለ ያወራሃል እንጂ አይጮህብህም። አንተ ላይ ተገለበጠ፦ አካል ትንሽ፣ ድምፅ ትልቅ። ምግቡንማ በግራም እየመዘንኩ ነው የምሰጠው፤ ይህ ዘር ዳሌው በቀላሉ ይታመማል፣ ትርፍ ኪሎ ያብስበታል። ያም ሆኖ ጎፈር ሚዛን ይደፋል። ያንተ ወሬ ግን ይኸው ስንት ዓመት፣ ሚዛኑ አልተነቃነቀም!

«ፀጉር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ምን ያስቸግራል?» ታውቃለህ? እኔ ግን አበጥሬ ነው የማውቀው። በማበጠሪያ! በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ፀደይ ላይ ሲያረግፍ በየቀኑ። ማበጠሪያው የብረት ነው፤ መጀመሪያ ጥርሱ ሰፋ ያለው፣ ቀጥሎ ጠበብ ያለው። ከጀርባው እጀምራለሁ፣ እሱን ይወዳልና። ከዚያ ወደ ተንኮለኞቹ ቦታዎች እገባለሁ፦ ብብቱ፣ ሆዱ፣ ከጆሮው ኋላ፣ ከጅራቱ ሥር እንደ ሱሪ የተንዘረፈፈው። ቋጠሮ የሚሠራው እዚያ ነው። ቋጠሮ ሲገኝ ሥሩን በጣት ይዞ፣ ቆዳውን ሳይስቡ፣ ከጫፉ ጀምሮ ቀስ እያሉ ማላላት ነው። ዛሬ ያልተፈታ ቋጠሮ ነገ ይጠብቃል። አላልተህም አንብበው፣ አጥብቀህም አንብበው፤ ሁለቱም እውነት ነው። ከነገ ወዲያማ ቆዳውን እየጎተተ ያቆስለዋል። ጎፈር ፀጉር ሲቋጥር እኔ እፈታለታለሁ። አንተ ነገር ስትቋጥር ማን ይችልሃል? እግዚአብሔር ይፍታህ!

«ምን ያደክምሃል፣ በመቀስ ቁረጠዋ!» ወይ አለማወቅ። የድመት ቆዳ ስስ ነው፤ ከቋጠሮው ጋር አብሮ ይሳባል። ፀጉር ቆረጥኩ ብለህ ስታይ ቆዳ ቆርጠሃል። «እንግዲያ እጠበው!» ሳይበጠር ከታጠበ ቋጠሮው ይብስበታል። «እንግዲያ ላጨው!» አሃ! ይቺን ከየት እንዳመጣሃት ገባኝ፤ ባርኔጣህን ስታወልቅ አይቻለሁ። ስማ ወንድሜ፣ ያ ፀጉር ከብርድም ከፀሐይም ይከልለዋል። የሚላጨው ሐኪሙ ግድ ነው ሲል ነው። አንተ ራስህ በራ፤ ግን አልበራልህም!

«እሱ ራሱን ይልስ የለ?» ይልሳል። የላሰውን ይውጣል። የዋጠው ሲበዛ ሆዱ ውስጥ ይጠቀለላል፤ ሲቀና ያስመልሰዋል፣ ሳይቀና አንጀት ይዘጋል። ማበጠሪያዬ ላይ የቀረ ፀጉር ሆዱ አልገባም ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ጎፈር ጭኔ ላይ ተዘርግቶ ኩርር ይላል። ከቀኔ ሁሉ የምወደው ሰዓት ይኼ ነው፤ እዚህ ሰው ፊት እናገረዋለሁ። እጄ ሥር የሕያው ፍጥረት ሙቀት አለ፣ አምኖኛል፣ ሆዱን ሰጥቶኛል። ድመት ሆዱን የሚሰጠው ለማንም አይደለም። አንተ ይኼን «ሥራ መፍታት» ትለዋለህ። ሥራ አልፈታሁም፣ ቋጠሮ ነው የምፈታው!

«ድመት ቤቱን እንጂ ሰውን አይወድም።» ይቺ ያረጀች ናት፣ ጥርሷ አልቋል። ጎፈር ከክፍል ክፍል ይከተለኛል። ሳበስል ወጥ ቤት፣ ስጽፍ ጠረጴዛ ሥር፣ ስታጠብ ከበሩ ውጭ ነው። ውኃ ሲንቆረቆር እጁን ሰዶ ይመረምራል፤ ብዙዎቹ ሜን ኩኖች ውኃ ይወዳሉ። ቤቱን የሚወደው ማን እንደሆነ እኔ ልንገርህ? ሁልጊዜ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ የሚመጣው ነው። ዞር ዞር አትበል፣ ሌላ የለም!

«ሰማሁ፣ ዘሩንም ትቆጥራለህ አሉ።» እቆጥራለሁ! ዘር መቁጠር የሚያምረው እዚህ ቦታ ብቻ ነው። ሜን ኩን የልብ ጡንቻው እየደነደነ የሚሄድ ሕመም በዘር ይመጣበታል። ከመንሥኤዎቹ አንዱ የሆነው የጂን ለውጥ በ2005 ታወቀ፤ አሁን በምርመራ ይለያል። ምርመራው ግን ሁሉንም አይዝምና ልቡን በአልትራሳውንድ ማሳየትም ያስፈልጋል። ስለዚህ ጎፈርን ሳልወስድ በፊት የአባትና የእናቱን የጤና ወረቀት ጠይቄ አየሁ። ወረቀት የሌለው ሻጭ ካጋጠመህ ድመቱ የቱንም ያህል ቢያምር ዞረህ ሂድ። የሱ ልብ ቢደነድን በዘር ነው። አንተን ልበ ደንዳና ያደረገህ ማን ነው? እናትህን አውቃቸዋለሁ፣ አንጀተ ርኅሩኅ ናቸው!

«ድመት በሽታ ያመጣል! ለነፍሰ ጡር አይሆንም!» ቶክሶፕላዝማ ማለትህ ነው፤ ስሙን እኔ ልያዝልህ። እውነት ነው፣ ጥገኛው ከድመት ዓይነ ምድር ይመጣል። ነፍሰ ጡር ሴት ድመቱ የሚጸዳዳበትን አሸዋ አትንካ፣ ሌላ ሰው በየቀኑ ይጥረገው፤ ከወጣ በኋላ ሰው ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋልና ቀድመህ ትጥለዋለህ። ግን ይኸው ጥገኛ በጥሬ ሥጋም ይገባል። ይኼን ምክር የሰጠኸኝ የት ሆነህ ነበር? ሥጋ ቤት! ቢላ በቀኝህ፣ ሚጥሚጣ ከንፈርህ ላይ! ቁርጡን ልንገርህ? ቁርጡ ነው!

አሸዋ ካነሣን አይቀር፣ ሣጥኑም ለሱ አካል ይመጠናል። ርዝመቱ የድመቱን አንድ ተኩል ያህል መሆን አለበት፤ ካነሰው ወጥቶ ደጃፉ ላይ ይሠራና ጥፋቱ ያንተ ነው። ጎፈር የራሱን ጉድ ቀብሮ ይወጣል። አንተ የሰው ጉድ ትቆፍራለህ። «ይሸታል» የሚባለው የቱ ነው?

«ከዶሮ ወጡ አካፍለው፣ ምን ትጨክናለህ!» አሁን አዘንክለት? ዶሮውን ይወዳል፣ ወጡ ነው የሚጎዳው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራሉ፤ በበሰለም፣ በደረቀም፣ በተፈጨም ያው ነው። የዶሮ ወጥ ቁሌት ደግሞ ሌላ ምንድን ነው? ሽንኩርት አንተን ሲከተፍ ያስለቅስሃል፤ እሱ ከበላው እኔን ያስለቅሰኛል። የበሰለ አጥንትም አትስጠው፣ ይሰነጠቅና ይወጋዋል። «ወተትስ?» ያደገ ድመት አብዛኛው የወተትን ስኳር መፍጨት አይችልም፤ ሆዱ ይበጠበጣል። «በጾም ሥጋ ትሰጠዋለህ እንዴ?» እሰጠዋለሁ! ሥጋ ውስጥ ያለው ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ሽሮ ውስጥ የለም። ታውሪን ያጣ ድመት ዓይኑ ይጠፋል፣ ልቡ ይደክማል። ጥቂት ቀን ሳይበላ ከዋለ ደግሞ ጉበቱ በስብ ይታፈናል። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ያሉት አባቶች ሕክምና ሳይማሩ ሐቁ ላይ ደርሰዋል። አንተ ደግሞ ባለፈው «በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም» ብለህ ክርክር ስትገጥም፣ ዓሣው አፍህ ውስጥ ነበር!

«በዚህ ገንዘብ አገር ቤት ስንት ሰው ይረዳ ነበር!» ይቺን ሲናገር ቤቱ ሁሉ ጸጥ አለ፤ ከባድ ነገር ናት። በከባዱ ልመልስልህ። እልካለሁ። በየወሩ እልካለሁ፤ ጎፈር ሳይመጣም፣ ከመጣም በኋላ። የእናቴ ከድመቴ አይቀነስም፣ የድመቴም ከእናቴ። ማንም ሳያስገድደኝ ቤቴ አስገብቼዋለሁ፤ ሆዱም፣ ክትባቱም፣ ሐኪሙም የኔ ዕዳ ነው። ዕዳውን የሚፈራ አያምጣው፤ አምጥቶ የሚያጎሳቁለውን ግን ወዳጄ አልለውም። ያልተበጠረ ሜን ኩን አይቼ ዓይኔ እንባ ሞልቷል፤ ቋጠሮው ብብቱን ይዞት አልራመድ ብሎት ነበር። ቅብጠት የምለው ያን ነው፦ ለፎቶ ወስዶ ለቋጠሮ መተው። አሁን አንተ ንገረኝ። ለአገር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የላክኸው ምንድን ነው? ገንዘብ ነው ያልኩህ! በአበባ የታጀበ «እንዴት አደራችሁ» አይቆጠርም!

«እሺ፣ አገር ቤት ስትሄድ ማን ሊጠብቅልህ ነው?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። አሁን ገና የረባ ጥያቄ ጠየቅህ! አንተ ነሃ! ለፋሲካ እሄዳለሁ፣ ጻፍ። ማበጠሪያው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ከጀርባ ጀምር፣ ብብቱን አትርሳ። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ጥረግ። ውኃው በሰፊ ሳህን ይሁን፣ በየቀኑ ይቀየር። ደጅ አትልቀቀው፤ መኪና አለ፣ የሰው ውሻ አለ፣ ወፎቹም ነፍስ አላቸው። ቡና ብታፈላ ጉዝጓዙ ሆዱ ላይ ይሰካልና ሲነሣ ልቀምለት። አበባ ይዘህ እንዳትመጣ! ለፋሲካ የሚሸጠው ነጭ ሊሊ የድመት ኩላሊት ይገድላል፤ ቅጠሉም፣ ብናኙም፣ የተቀመጠበት ውኃም። ባዶ እጅህን ና። እንደ ልማድህ!

ምን አልክ? «ፀጉሩ ያስነጥሰኛል»? የሚያስነጥሰው ፀጉሩ አይደለም፣ ከምራቁና ከቆዳው የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ደግሞ ጎፈር ይኼን ሁሉ ሰዓት ጋቢህ ላይ ተኝቶ አንድም ጊዜ አላስነጠስክም! ዝቅ ብለህ እጅህን እይ፣ ጀርባውን እያሻሸ ነው። እናንተ ቡና ጠጪዎች፣ ምስክር ሁኑ፤ ቁልፉን በሁለት እጁ ነው የተቀበለኝ!